በሳንቲም ላይ የቆመ የንፋስ ወፍጮ

አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ልጆቹን ይዞ መካነ እንስሳት ወይም ሙዚየም ሲሄድ፣ መውጫው አጠገብ ትልቅ መዘውር ያለው ማሽን አይቶ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ኳርተርና አንድ ፔኒ ይከተትበታል። መዘውሩ ሲዞር ክቡ ፔኒ ሞላላ ሆኖ፣ የሊንከን ፊት ደብዝዞ፣ በምትኩ የቦታው ሥዕል ወጥቶበት ይወርዳል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ኪሱ ከትቶ ይረሳዋል። በቁም ነገር የሚሰበስቡትም አሉ፤ እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። አንዳንዱ ሰብሳቢ ያገኘውን ሁሉ ያከማቻል፣ ሌላው አንድ ርዕስ ይዞ ይዘልቃል። የንፋስ ወፍጮ ከእነዚህ ርዕሶች አንዱ ነው፤ እኔን የሚማርከኝም እሱ ነው።

በአሜሪካ ይህ ማስታወሻ የታወቀው በ1893 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የኮሎምበስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። በማሽኑ ውስጥ ሁለት የአረብ ብረት ሲሊንደሮች ተጠጋግተው፣ በጥርስ ተያይዘው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። የፔኒ ውፍረት 1.52 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ሳንቲሙ፣ ጥጥ በመዳመጫ ሥር እንደሚያልፍ፣ ተጨፍልቆ ወደ ፊት ይሳባል። 19 ሚሊ ሜትር የነበረው ስፋቱ በአንድ በኩል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሥዕሉ ከሲሊንደሮቹ በአንዱ ላይ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ፣ ግራና ቀኙም ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ሳንቲሙ ላይ ሲያርፍ አብጦ ይወጣል፣ አቅጣጫውም ይቃናል።

ቅርጽ አውጪውን የንፋስ ወፍጮ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። በጥንታዊው የደች (የኔዘርላንድስ) ወፍጮ ክንፍ ላይ ከምሰሶው በአንድ ወገን ጠባብ ሳንቃ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሸራ የሚወጠርበት ሰፊ የእንጨት መረብ አለ። የደች ወፍጮ ከፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ወደ ግራ ይዞራል፤ ላይ በደረሰው ክንፍ ላይ መረቡ በስተቀኝ ይታያል። ቅርጽ አውጪው ሥዕሉን መገልበጥ ከረሳ፣ ሳንቲሙ ላይ የሚወጣው በተቃራኒው የሚዞር ወፍጮ ነው። አንድ አዲስ ሳንቲም እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የክንፎቹ አቋቋም ይታያል። በኔዘርላንድስ የቆመ ወፍጮ መልእክት አለው። አንዱ ክንፍ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲያመለክት ወፍጮው ለአጭር ጊዜ አርፏል፣ ሥራ ሊጀምር ዝግጁ ነው ማለት ነው። አራቱም ሰያፍ ሆነው ሲቆሙ ዕረፍቱ ረጅም ነው። ላይኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደስታ አለ፤ ሠርግ ወይም ልደት ሊሆን ይችላል። ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ደግሞ ሐዘን ነው። በሐምሌ 2014 የማሌዢያ አውሮፕላን ዩክሬን ላይ ተመቶ ከሞቱት 298 ሰዎች አብዛኞቹ የኔዘርላንድስ ዜጎች ስለነበሩ፣ በብሔራዊ የሐዘን ቀን የአገሪቱ ወፍጮዎች በሐዘን አቋም ቆመዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሦስት ነጥብ ምናምን ሳንቲ ሜትር የሆነችውን ቁራጭ መዳብ ዝም ብሎ አያልፋትም።

የወፍጮው አካልም ይለያያል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ1997 የተመዘገበው የኔዘርላንድሱ ኪንደርዳይክ 19 ወፍጮዎች አሉት። በ1738 የተሠሩት ስምንቱ ክብ የሸክላ ጡብ ግንቦች ሲሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከቦይው ማዶ የተተከሉት ስምንቱ ባለ ስምንት ጎንና ሣር ክዳን ናቸው። እህል ሲፈጩ የኖሩም አይደሉም፤ ከባሕር ወለል በታች ካለው መሬት ውኃ እየቀዱ ወደ ወንዝ ለማፍሰስ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ዛንሰ ስካንስ በተባለው ቦታ፣ የቀለም ድንጋይ የሚፈጭ፣ ግንድ የሚሰነጥቅና ዘይት የሚጨምቅ ወፍጮ ጎን ለጎን አለ። የስፔኑ ኮንሱዌግራና የግሪኩ ሚኮኖስ ወፍጮዎች ደግሞ ነጭና ድቡልቡል ናቸው። በአሜሪካዋ ሚሺጋን፣ ሆላንድ በምትባለው ከተማ፣ በ1964 ከኔዘርላንድስ ተነቅሎ የመጣው ደ ዝዋን የተባለ ወፍጮ ዛሬም ስንዴ ይፈጫል።

ለጥሩ ሳንቲም ማሽኑ ብቻውን አይበቃም፣ የሚገባበት ብረትም ወሳኝ ነው። እስከ 1982 ድረስ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን መዳብ በተቀባ ዚንክ መተካት ጀመረ። አዲሱ ሲለጠጥ ቅቡ ይሳሳና ግራጫ መስመር ብቅ ይላል። የዩሮ አምስት ሳንቲምም ውስጡ ብረት ስለሆነ ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ አንዳንድ የአውሮፓ ማሽኖች ገንዘብ ያልሆነ ዝግጁ ዝርግ ብረት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ከ1982 በፊት የወጡ ፔኒዎችን መርጦ፣ አጥቦና ወልውሎ ይዞ ይሄዳል። ዝገትና ቆሻሻ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይታተማልና። በአሜሪካ ሕግ ለማጭበርበር እስካልሆነ ድረስ ሳንቲም መዳመጥ አይከለከልም። አሁን ደግሞ አገሪቱ በኅዳር ወር 2025 ለግብይት የሚሆን ፔኒ ማምረት አቁማለች፤ ከመልስ ጋር የሚመጣውን አሮጌ ፔኒ ዓመቱን እያዩ ለይቶ ማስቀመጥ የሚያዋጣው አሁን ነው።