ገንዳው ከመቆፈሩ በፊት

አንድ የወጣቶች ማኅበር ተነሥቶ ገንዘብ ላሰባስብ፣ ደቦ ልጥራና የዋና ማሠልጠኛ ልሥራ ቢል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ነው። በውሃ ግንባታ ሙያ ለቆየ ሰው ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። ሥራው ከተመረቀ በሦስተኛው ዓመት ውሃውን ማን ይቀይራል? አጥሩ ሲወድቅ ማን ያቆመዋል? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል? ሽንዲን፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን በመሰሉ የምዕራብ ጎጃም ከተሞቻችን በበጎ ፈቃድ የሚሠራ የወጣቶች የውሃ ማዕከል ያስፈልጋል፣ ይቻላልም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የማስኬጃ ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ፣ ኃላፊውም በስም ሳይታወቅ መሠረት የሚቆፈርለት ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። አቋሜ የከረረ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱን ግን ከሩቅ አላመጣሁትም፤ በዚሁ በክልላችን የሆነ ነው።

«የሚጠጣ ውሃ በወጉ ላልተዳረሰለት ሰው ዋና ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉዳዩን እንደ መዝናኛ ካየነው መልስ የለኝም፤ እንደ ነፍስ ማዳን ካየነው ግን አለኝ። ሽንዲ ያለችበትን የወምበርማ ወረዳ በደቡብ በኩል የሚያዋስነው አባይ ነው። የፈጣም ወንዝ ከቡሬ አካባቢ ወደ አባይ ይወርዳል፤ የላህ ወንዝ ፍኖተ ሰላምን አልፎ የብር ወንዝን ይቀላቀላል። ክረምት በገባ ቁጥር እረኛው፣ ተማሪውና ገበያተኛው ድልድይ የሌለውን ወንዝ በእግሩ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው በመስጠም እንደሞተ ገምቷል፤ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 30 ዓመት ያልሞላቸው ሲሆኑ፣ ከ90 በመቶ በላዩ ደግሞ የሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። መፍትሔው ውድ አለመሆኑን ባንግላዴሽ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያ የተጀመረው ስዊምሴፍ የተባለ መርሐ ግብር የመንደር ኩሬ ውስጥ የቀርከሃ መድረክ ሠርቶ ልጆችን ዋናና ነፍስ አድን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያሉ ሠልጣኞች የመስጠም አደጋቸው ካልሠለጠኑት እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ይህን ያስገኘው የኦሎምፒክ ገንዳ አይደለም። ቀርከሃ፣ ገመድና በየቀኑ ሳይቀር የሚመጣ አሠልጣኝ ነው፤ ክብደቱም ያለው በመጨረሻው ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልምጣ። ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በአማራም በትግራይም የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ኩሬ በዘመቻ ተቆፈረ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ጉልበቱም የገበሬው ነበር። ይሁንና ቁጥሩ ከላይ በኮታ ይወርድ ነበር፤ ቦታውን የመረጠውም ብዙ ጊዜ ባለኩሬው አልነበረም። ውሃው በስንጥቁ ሰረገ፣ ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ አጥር ያልነበረው ለልጅና ለከብት አደጋ ሆነ፣ ሌላው የወባ ትንኝ መራቢያ ሆኖ ቀረ። ብዙው ሁለትና ሦስት ክረምት ሳያልፍ ተትቷል። በዚያው ሰሞን፣ በዚሁ ክልል፣ ተቃራኒው ሙከራ ተጀመረ። ከፊንላንድ መንግሥት ጋር ይሠራ የነበረው የገጠር ውሃና አካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የሚባለውን አሠራር ዘረጋ። እዚህ ማመልከቻ የሚያስገባው መንደሩ ራሱ ነው። የውሃ ኮሚቴውን ይመርጣል፣ ያኔ አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በነበረው በዛሬው ጸደይ ባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ለጥገና የሚሆነውንም ገንዘብ አስቀድሞ ያስገባል። የግንባታው ገንዘብ በክፍል በክፍል የሚለቀቀው ለዚያው ኮሚቴ ነው፤ ሲሚንቶ የሚገዛውም ግንበኛ የሚቀጥረውም ኮሚቴው ነው፤ የፊተኛው ሳይወራረድ የኋለኛው አይለቀቅም። በዚህ መንገድ ከተሠሩት የውሃ ተቋማት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አገልግሎት ላይ መሆናቸው በግምገማ ሲታይ፣ በአገር ደረጃ በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ግን ከገጠር የውሃ ተቋማት ሩብ ያህሉ አይሠሩም ነበር። አሠራሩ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በኮዋሽ ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፍቷል። ኩሬውም የውሃ ተቋሙም የተሠራው በአንድ ዓይነት ገበሬ ጉልበት፣ በአንድ አገር አፈር ላይ ነው። የለያያቸው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ በአንዱ ጥበቃው ከግንባታው ቀደመ፣ በሌላው ጭራሽ አልታሰበም።

ይህን ወደ ዋና ማሠልጠኛ ስናመጣው ስሌቱ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። ለጀማሪ ልጆች የሚሆን ትንሽ ገንዳ እናስብ፤ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ይህ 60 ሺህ ሊትር ወይም 3 ሺህ ጄሪካን ውሃ ይይዛል። በጋ ላይ ፀሐይና ነፋስ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢወስዱበት ከ12 እስከ 15 ጄሪካን በየቀኑ መተካት አለበት ማለት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ከመጠጥ መስመር እወስዳለሁ የሚል ማኅበር ሐሳቡን ባይጀምረው ይመረጣል፤ ሕዝቡ በአንድ በጋ ይጠላዋል። ምዕራብ ጎጃም ግን በዓመት ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያገኛል። ልብስ መቀየሪያውና መሰብሰቢያ አዳራሹ በጠቅላላው 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ቢኖራቸው፣ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 160 ሺህ ሊትር ይሰበሰባል። ገንዳው መስከረም መጨረሻ በዝናብ ውሃ ይሞላል፤ የቀረው ለበጋው መተኪያ ይቀመጣል፤ የገንዳው ውሃም በአሸዋ ማጣሪያና በትንሽ ሶላር ፓምፕ እየተዘዋወረ ይቆያል። ይህ ሁሉ በምሕንድስና ረገድ ከባድ አይደለም። ከባዱ አሸዋውን ማጠብ፣ ክሎሪኑን መለካት፣ ቅጠሉን ማውጣት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በየቀኑ የሚሠሩ ናቸው።

«ወንዙ እያለ፣ የገራይ ግድብ እያለ ገንዳ ለምን?» የሚለው ሙግት እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በፍኖተ ሰላምና በጂጋ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ብልሃርዚያ በአካባቢው መኖሩን አሳይተዋል። ጥገኛው ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃ ይወጣና በእግርና በእጅ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሰው ካላገኘ ግን ዕድሜው ከሁለት ቀን አይበልጥም። ስለዚህ የወንዝ ውሃ መጠቀም ግድ ከሆነ ቀንድ አውጣ በማይደርስበት ንጹሕ ታንከር 48 ሰዓት አሳርፎ ወደ ገንዳው መልቀቅ ይቻላል። ልጁን ዋና አስተምሮ በብልሃርዚያ ወደ ቤቱ መመለስ ግን ሥልጠና አይባልም። የባንግላዴሹን ኩሬ እንዳለ መቅዳት ለእኛ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ የምንወስደው አሠልጣኙንና ሥርዓቱን ነው።

ሌላው ሥጋት ገንዳው ራሱ ልጅ እንዳይወስድ ነው፤ የኩሬውን ዘመቻ ያየ ሰው ይህን ቢፈራ አልፈርድበትም። እንግዲህ አጥሩ ከውሃው ይቀድማል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ ያላነሰ፣ ልጅ የማይረግጥበት፣ በሩም ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ መሆን አለበት። ውሃ የሚገባው አጥሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለፍሳሽ ፍተሻ እንኳ ቢሆን። ፍተሻውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አርማታው ቢያንስ ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ ልስኑ ከደረቀ በኋላ ገንዳው ይሞላል፤ የውሃው ልክ በግድግዳው ላይ በምስማር ይጫራል። አንድ ባልዲ ውሃ ከአጠገቡ ይቀመጥና የእሱም ልክ ይጫራል። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሁለቱ ይታያሉ። ባልዲው የጎደለውን ያህል ገንዳውም ከጎደለ ፀሐይ የወሰደችው ነው፤ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ ግን ግንበኛው የመጨረሻ ክፍያው ሳይከፈለው ተመልሶ መምጣት አለበት። ይህን ምርመራ የማኅበሩ ልጆች በራሳቸው እጅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ማድረግም ይገባቸዋል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ መጨነቅ አያሻም፤ ማሰባሰብ እናውቅበታለን። የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ከአባላት ጥቂት ጥቂት እየሰበሰበ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ገንብቷል፤ የሕዳሴው ግድብም በቦንድና በደመወዝ የብዙ ሰው እጅ አለበት። በወምበርማ ገንዘብ የሚገኘው በቆሎና በርበሬ ገበያ ሲወጣ ነው፤ በእጁ ብር የሌለው ቁና በቆሎ ይሰጣል። ግንባታውም ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ዝናቡ ይገባል፣ ገበሬውም ወደ እርሻው ይመለሳል። ማኅበራት የሚዘነጉት የብርን መርከስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንክ የተኛ የግንባታ ገንዘብ ዓመት ሳይሞላው ያንሳል። የተገኘውን ቶሎ ቶሎ ወደ ድንጋይ፣ ወደ ፌሮና ወደ ቧንቧ መቀየር ያዋጣል። ሲሚንቶ ግን በመጨረሻ ይገዛ፤ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሦስት ወር ያደረ ሲሚንቶ አቅሙ ይደክማል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ሕዝቡ በመዋጮ ተሰላችቷል የሚለው ነው። እውነት ነው። በስብሰባ ተጨብጭቦ የተወሰነና ከደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ እንዲህ የተሠራ ማዕከልም ጠባቂ አያገኝም። ስለዚህ እምቢ ማለት የሚቻልበት ልመና ብቻ ይደረግ፤ የሰጠውም ያልሰጠውም ልጁን እኩል ያስመዝግብ። ደረሰኙ በየወሩ ገበያ መግቢያ ላይ ይለጠፍ። ደቦውም ልኩን ይወቅ። ደቦ ድንጋይ ያግዛል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ግድግዳ ያቆማል፤ በየማለዳው መጥቶ በር አይከፍትም። ጠዋት በር የሚከፍት፣ ውሃ የሚለካ፣ ልጅ የሚቆጥር ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል። «የማስኬጃ ገንዘብ ቀድሞ ይግባ ካልን ሰው ይሸሻል» ይሉኛል። የማኅበረሰብ ልማት ፈንዱ ልምድ ይህን አያሳይም፤ ከእኛው የማይሻሉ ድሃ መንደሮች ለጥገና ቀድመው ቆጥበዋል። የአንድ ዓመት ደመወዝ ማሰባሰብ ያቃተው ማኅበር፣ ምርቃቱ አልፎ ሆይ ሆይታው ከበረደ በኋላማ ከየት ያገኘዋል?

ወጣት ይሄዳል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ መተማ፣ አንዱ ትዳር። ይህን ሰበብ አድርጎ ሁሉን ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማስረከብ ይቀላል፤ ግን የተሾመ ይነሣል፣ በጀት ይታጠፋል። የሚሻለው ኮሚቴው በየዓመቱ ሲሦው እየተቀየረ እንዲቀጥል፣ አንድ መምህርና አንድ የእድር ዳኛ በቋሚነት እንዲቀመጡበት፣ ግማሹም ሴቶች እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ሴቶቹን የምለው ለይስሙላ አይደለም። ውሃ ቀጂዋም ወንዝ ተሻጋሪዋም ሴቷ ናት፤ የሴቶች የብቻ ሰዓትና ሴት አሠልጣኝ ካልተመደበ ግን ገንዳው የወንድ ልጆች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ባለበት ግጭት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት አካባቢ ስለ ገንዳ ማውራት አይከብድም ወይ? ይከብዳል። እዚህ ላይ ለተቃዋሚው ግማሹን እለቅለታለሁ፤ ሲሚንቶ ማጓጓዝ አደገኛ በሆነበት ወቅት ግንባታ አይጀመር። ወንዙ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ሥራ ግንባታ የማይጠይቀው ነው። አሥር ሜትር ገመድና ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን በየመሻገሪያው ይቀመጥ፤ ወጣቶቹም ወደ ሰመጠው ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሟች እንደሚጨምር፣ ጄሪካኑን ወርውሮ መጎተት ግን ሁለቱንም እንደሚያተርፍ በየትምህርት ቤቱና በየሰንበቴው ያስተምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው እርምጃዎች አንዱ ይኸው የአካባቢውን ሰው ነፍስ ማዳን ማሠልጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የተመሠረተው የብሪታኒያ የነፍስ አድን ጀልባ ድርጅትም እስከ ዛሬ የቆመው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኛና በልገሳ ነው። የገመዱንና የጄሪካኑን ሥራ አንድ ክረምት ሳያቋርጥ የሠራ ማኅበር ገንዳ ሊጠብቅ እንደሚችል አስመስክሯል፤ ገንዘብ ሲጠይቅም የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ የአካባቢው ተወላጆች አንድ ነገር ልለምን። በጎፈንድሚም በማኅበርም ስታሰባስቡ የግንባታውን ፎቶ ብቻ አትጠይቁ። ከምትሰጡት ግማሹን ለአሠልጣኟና ለጠባቂው ደመወዝ፣ ለክሎሪንና ለአሸዋው በተለየ ሒሳብ አስቀምጡት፤ በየሩብ ዓመቱ የሚለቀቀውም የሠልጣኞቹ መዝገብና የገንዳው የውሃ መለኪያ ደብተር ሲደርሳችሁ ይሁን። መዝገቡ ካልመጣ ገንዘቡ ይቆይ፤ ለምን እንዳልመጣም ደውላችሁ ኮሚቴውን ጠይቁ።