አማኑኤል ቅርብ ነው፤ ምስጢር ግን የት ይነገራል?

ስለ አእምሮ ጤና በተወራ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ይደጋገማሉ፤ ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ሕዝቡም ግንዛቤ የለውም። ሐሰት አይደሉም። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው። አብነትን ለመሰለ የአዲስ አበባ ሰፈር ግን እነዚህ ምክንያቶች ብቻቸውን አይበቁም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተውና ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል በእግር ይደረሳል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስለ ጭንቀትና ድብርት በሬዲዮ ያልሰማም የለም። ታዲያ ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው ለምን አይሄድም? በእኔ ግምት ተገቢውን ክብደት ያላገኘው ምክንያት ምስጢር ነው። ብዙ ሰው ዝም የሚለው የሚያናግረው አጥቶ ሳይሆን፣ የተናገረው ነገር ተመልሶ ሰፈር እንዳይገባ የሚተማመንበት ስለሌለው ነው።

ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመው ነበር። 75 በመቶዎቹ መገለል እንደሚሰማቸው ሲናገሩ፣ 37 በመቶዎቹ ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ሕመምተኛ መኖሩን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። እነዚህ ታማሚዎቹ ሳይሆኑ ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የሆስፒታሉ ስም ራሱ ስድብ ሆኗል፤ «አማኑኤል የሚገባ» ሲባል ያልሰማ የከተማው ሰው አይገኝም። ለአብነት ሰው ደግሞ በዚያ በር ሲገባ የሚያየው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ቅርበቱ ከማገዝ ይልቅ ያስፈራዋል። ከበሩ ወዲህም ቢሆን፣ በብዙ የሕክምና ተቋማት እንደሚታየው፣ ስም በኮሪደር ጮክ ተብሎ ይጠራል፣ ምርመራው ሳያልቅ በሩ ተከፍቶ ሌላ ካርድ ይገባል፣ አስታማሚ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጣል። ለጨጓራ ይህ ይታለፍ ይሆናል። ትዳሩን ሊናገር ለመጣ ሰው ግን ያው ዝም በል ማለት ነው።

«እኛ እድር አለን፣ ቡና አለን፣ የነፍስ አባት አለን፤ የፈረንጅ ምክር ለምን ያስፈልገናል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እድር ሐዘንን በመሸከም ረገድ የሚተካከለው ተቋም የለም። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ይደረጋል። ይህ የሚሠራው ግን ሞት የአደባባይ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የባል ዱላ፣ የተደበቀ ዕዳ፣ የልጅ ሱስ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ድንኳን ውስጥ አይነገርም። ቡና ላይ የተነገረም ሦስተኛው ሳይፈላ ግቢውን ይዞራል። በልደታ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ጎረቤት ወደየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ ብዙዎች ለዓመታት ምስጢር ያካፈሏቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ማጣታቸውን መገመት አይከብድም። የነፍስ አባት ጉዳይ ይለያል፤ ኑዛዜ የማይወጣ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ታውቃለች። ስለዚህ ከዝምድናና ከጉርብትና ውጭ የሆነ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት አድማጭ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ልዩነቱ በሥራው ላይ ነው። ኑዛዜ በንስሐና በይቅርታ ይቋጫል። የሥነ ልቦና ሕክምና ደግሞ በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት እየተገናኙ፣ ጭንቀቱ መቼና ከምን ሐሳብ በኋላ እንደሚነሳ እየተከታተሉ፣ ትንንሽ ልምምድ ይዞ እየሄዱ የሚሠራ ነው። ጸበሉን መተውም አይጠይቅም።

ስፔሻሊስት በሌለበት አገር ስለ ምስጢር ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ዚምባብዌ መልስ አላት። ሐራሬ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው፣ 573 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው በአግዳሚው ከታገዙት 14 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን ግማሽ ያህሉ ነበሩ። አሮጊቶቹ ዲግሪ የላቸውም። ያላቸው ሥልጠና፣ የሚቆጣጠራቸው ባለሙያና ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ ጊዜ ነው።

የጤና ሚኒስቴር የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የያዘው አቅጣጫ ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል አብሮ ካልወረደ ፍርሃቱን ወደ ሰፈር ከማቅረብ አያልፍም። ሕጉ አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። ባለጉዳዩ ግን ይህን የሚነግረው የለም።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰበ አንባቢ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የምናገረው የት ይጻፋል? ማን ያየዋል? በምን ሁኔታ ለሌላ ሰው ይነገራል? ደህና ባለሙያ በጥያቄው አይቀየምም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ምስጢር ወሰን እንዳለውም አስቀድሞ ይናገራል። ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ፣ ማን አየኝ ሳይሉ፣ ዛሬውኑ ቅርብ ወደሆነው ሆስፒታል ይሂዱ።