በኢየሩሳሌም የታሰበው ዌብሳይት፦ የአንድሪው ብራይትባርት የጋዜጠኝነት ጉዞ

በ2007 ሁለት አሜሪካውያን የልጅነት ጓደኛሞች እስራኤልን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። አንደኛው ላሪ ሶሎቭ የሚባል ጠበቃ ነው። ሁለተኛው ጋዜጠኛው አንድሪው ብራይትባርት ነው። ሶሎቭ በኋላ እንደጻፈው፣ አንድ ምሽት ኢየሩሳሌም ውስጥ ለራት ሲዘጋጁ ብራይትባርት የጥብቅና ሥራውን ትቶ አብሮት የዜና ድርጅት እንዲያቋቁም ጠየቀው። ለነጻነትና ለእስራኤል ያለ ይሉኝታ የሚቆም ዌብሳይት እንፍጠር ነው ያለው። ሶሎቭም እሺ አለ። ዛሬ ብራይትባርት ኒውስ በአሜሪካ ስማቸው ከገነነ የቀኝ ክንፍ የዜና ዌብሳይቶች አንዱ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ማን ነበር? ለወዳጆቹ ትልልቆቹን ሚዲያዎች የደፈረ ጀግና ነው። ለተቺዎቹ ደግሞ የሰው ስም ለማጥፋት የማይመለስ ሰው ነው። ለሁለቱም ወገን ምክንያት የሚሆን ሥራ ትቶ አልፏል።

የተወለደው በ1969 ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚኖሩ አይሁዳውያን ባልና ሚስት በሕፃንነቱ በማደጎ ወስደው አሳደጉት። አባቱ ሬስቶራንት ያስተዳድሩ ነበር፣ እናቱ ደግሞ ባንክ ይሠሩ ነበር። ባር ሚጽዋውንም አክብሯል። ያደገበት ብሬንትዉድ የሆሊዉድ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ፣ እሱም እንደ አካባቢው ሰው አስተሳሰቡ ወደ ግራ ያደላ ነበር።

አመለካከቱ መለወጥ የጀመረው ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ በተመረቀበት በ1991 ነው። በዚያ ዓመት ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጩት ጥቁሩ ክላረንስ ቶማስ በሴኔት ፊት ሲመረመሩ በቴሌቪዥን ተከታተለ። ቶማስን ሊቃወም ነበር የተቀመጠው። ነገር ግን ሴናተሮቹና ሚዲያው በሰውየው ላይ ግፍ እየሠሩ ነው ብሎ ተነሣ።

ከምረቃ በኋላ አስተናጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ሙያውን ያገኘው ኢንተርኔት ሲስፋፋ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማት ድራጅ የሚባል ሰው ብቻውን የሚያዘጋጀውን ድራጅ ሪፖርት አገኘና ጽፎ ተዋወቀው፤ ቆይቶም ረዳቱ ሆነ። በ1998 ኒውስዊክ መጽሔት ይዞ ያላወጣውን የፕሬዝዳንት ክሊንተንና የሞኒካ ሌዊንስኪን ጉዳይ ድራጅ በዌብሳይቱ ሲለቀው፣ ብራይትባርት ትልቅ ትምህርት ወሰደ፦ ከእንግዲህ ዜናውን የሚያሳልፈው ወይም የሚያግደው የትልልቅ ጋዜጦች አለቃ ብቻ አይደለም።

የሚገርመው በ2005 ግራ ዘመሙን ሀፊንግተን ፖስት ካቋቋሙት ሰዎች መሀልም ነበረበት። በዚያው ዓመት የራሱን ዌብሳይት ጀመረ። በ2009 ደግሞ ስለ ሆሊዉድና ስለ መንግሥት የሚጽፉ ገጾችን ከፈተ። ሁለት ወጣቶች ሴትኛ አዳሪና አጋሯን መስለው፣ ድሆችን የሚረዳው አኮርን የተባለ ድርጅት ቢሮዎች ገብተው በድብቅ የቀረጹትን ቪዲዮ ያወጣው እሱ ነው። ኮንግረሱ የድርጅቱን ገንዘብ ለማቋረጥ ድምፅ ሰጠ፤ በ2010 ድርጅቱ ፈረሰ። የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ግን ቪዲዮዎቹ እጅግ ተቆራርጠው የተቀናበሩ መሆናቸውን ይፋ አደረገ።

ከሁሉ የከፋው የሸርሊ ሸሮድ ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ሸሮድ በጆርጂያ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ኃላፊ የነበሩ ጥቁር ሴት ናቸው። ልጅ ሳሉ በ1965 አባታቸው በነጭ ገበሬ ተገድለው ገዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀርቷል። በሐምሌ 2010 ብራይትባርት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ለቀቀ። ሸሮድ በአንድ የጥቁሮች መብት ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ አንድን ነጭ ገበሬ በሙሉ ልባቸው እንዳልረዱ ሲናገሩ ያሳያል። በዚያው ቀን ሥራቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ማኅበሩ ራሱ አወገዛቸው።

ከዚያ ሙሉው ንግግር ወጣ፤ ከ40 ደቂቃ በላይ ነው። ታሪኩ ከ24 ዓመት በፊት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆኑ የሆነ ነው። ሸሮድ የሚናገሩት ደግሞ ስሕተታቸውን አይተው ለገበሬው እንደደረሱለት፣ ዋናው ጉዳይ ቀለም ሳይሆን ድህነት መሆኑን እንደተረዱ ነበር። ገበሬውና ባለቤቱም በቴሌቪዥን ቀርበው፣ መሬታችንን ያዳነችልን እሷ ናት ብለው መሰከሩ። ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ ፕሬዝዳንት ኦባማም ደወሉላቸው። አዲስ ሥራ ሲሰጣቸው ግን አልተቀበሉም። ብራይትባርት ዒላማዬ ማኅበሩ እንጂ ሴትየዋ አይደለችም ብሎ ተከራከረ። እሳቸውም በ2011 ከሰሱት።

በዚያው ዓመት ግን ትክክል ሆኖ የተገኘበት ጉዳይም አለ። የኮንግረስ አባሉ አንተኒ ዌይነር ለሴቶች የላካቸውን ነውረኛ ፎቶዎች ሲያጋልጥ ብዙዎች አላመኑትም ነበር። ዌይነር መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ አምኖ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ብራይትባርት መጋቢት 1 ቀን 2012 በሰፈሩ ሲሄድ ወድቆ በልብ ሕመም ሞተ። ገና 43 ዓመቱ ነበር፤ አራት ልጆች ትቷል። ድርጅቱን ስቲቭ ባነን ተረከበ። ባነን በ2016 የዶናልድ ትራምፕን የምርጫ ዘመቻ እንዲመራ ተሾመ። ከዚያ በፊት በ2015 ዌብሳይቱ ሐሳቡ ወደተጠነሰሰባት ከተማ ተመልሶ የኢየሩሳሌም ቅርንጫፍ ከፈተ። የሸሮድም ክስ ያለቀው በዚሁ በ2015፣ ከሟች ባለቤት ጋር በስምምነት ነው።

2015 ለእኛም የማይረሳ ዓመት ነው። ሆሎን ውስጥ ፖሊሶች የማኅበረሰባችንን ልጅ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር ሲደበድቡ በካሜራ ተይዞ ሺዎች አደባባይ ወጡ። ያ ቪዲዮ ባይኖር ማን ያምነን ነበር? ብራይትባርት ትልልቆቹ ሚዲያዎች የማያሳዩትን ሌላው ያሳይ ማለቱ ለዚህ ነው ትርጉም የሚሰጠኝ። የሸሮድ ጉዳይ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያስታውሰኛል። ቪዲዮ ሲደርሰኝ ቀሪው የት አለ ብዬ ሳልጠይቅ ካወጣሁት፣ በሦስት ደቂቃ የአንዲትን ሴት የዕድሜ ልክ ስም ልወስድ እችላለሁ ማለት ነው።