ቀትርን የምትጠብቅ የቆርቆሮ ቀዳዳ

መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ ኮርኒስ የሌለው ማድ ቤት አለዎት? ጣሪያው ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ ካለች፣ የዓመቱን አንዲት ቅጽበት የሚጠቁም የፀሐይ ሰዓት አለዎት። የፀሐይ ሰዓት ማለት ጊዜን በጥላ ወይም በብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

የትኛዋን ቅጽበት? በመቀሌ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ ሚያዝያ 18 እና ነሐሴ 11 ገደማ። ያኔ ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት ጥላ አይኖረውም። የነሐሴው ሰማይ አይታመንም፤ ሚያዝያን ይያዙ።

ከቀዳዳዋ ቱምቢ ያውርዱ፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበት ባለ ገመድ ክብደት ነው። ወለሉን በነካበት ቦታ ምልክት ያድርጉ። በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ክቧ ብርሃን ምልክቱ ላይ ታርፋለች።

ለምን ልክ 6 ሰዓት አልሆነም? የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ሶማሌ ክልልን አቋርጦ በሚያልፍ መስመር ነው። ፀሐይ ከዚያ ተነስታ መቀሌ እስክትደርስ 22 ደቂቃ ይፈጅባታል። የቀረችው የሁለት ደቂቃ ልዩነት ከወቅት ወቅት የምትለዋወጥ ናት።

ምን ያህል ትክክል ነው? ጣሪያው 3 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ብርሃኗ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ትሰፋለች፤ በደቂቃ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። ስለዚህ ደቂቃዋን መያዝ አያስቸግርም። ቀኑን መለየት ግን ይከብዳል፤ ትናንትና ዛሬ የሚራራቁት 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጠርዟን ትተው መሃሏን ይለኩ።

ሌላ ቀን ቢመርጡስ? እንቁጣጣሽ ጥሩ ነው፤ ብርሃኗ በቀን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች። ታኅሣሥ 12 ግን አይሆንም። ፀሐይ የደቡብ ጉዞዋን ጨርሳ የምትመለሰው ያኔ ስለሆነ፣ ለቀናት የቆመች ትመስላለች። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ይህን አያስተካክለውም።

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ አንተም በተባለ ቦታ በዚሁ መላ የሚሠራ፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀ የጦር አባላት መታሰቢያ አለ። በየዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ኅዳር 11 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ከረፋዱ 11፡11 ላይ፣ ፀሐይ በአምስት ዓምዶች ቀዳዳ አልፋ መሬቱን ታበራለች። ብርሃኗ የምታርፍበት ቦታ ግን እዚያም እንደ ማድ ቤትዎ ከዓመት ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ይላል። በእርስዎ ወለል 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ትመልሰዋለች። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የእኛ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ደቂቃ ስለሚረዝም በ128 ዓመት አንድ ቀን ይዛነፋል።

ወጪው? ቱምቢውን ከግንበኛ ይዋሱ። በዕለቱ ቀትር ላይ ደመና ከመጣ ግን ዓመት መጠበቅ ነው። ክረምት ሲገባ ቀዳዳዋ ላይ ላስቲክ ጣል አድርገው ድንጋይ ይጫኑበት።