በበረሃ አገር የአትክልት ኩሬ ስለ መጠበቅ

በዱባይ፥ በሻርጃና በአጅማን በግቢው ኩሬ ሊቆፍር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የፀሐይን ኀይል ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን አለና፥ ጥልቀት የሌለው ውኃ ለዓሣ የማይስማማ ትኩስ ይሆናል። ስለዚህ ኩሬው በአንድ ወገን ጠለቅ ያለ፥ የተምር ዛፍ ወይም ዳስ ጥላ የሚያርፍበት ሊሆን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ዓሣን የሚገድለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ውኃ በሞቀ መጠን በውስጡ የሚሟሟው ኦክስጅን እያነሰ ይሄዳል፤ ይኸውም በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ጨው አልባ ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፥ በ35 ዲግሪ 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። ዓሣው ግን ውኃው ሲሞቅ ትንፋሹ ስለሚፋጠን የሚያሻው ይበዛል። በሌሊት ደግሞ የውኃ ዕፀዋትና አልጌው ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉና፥ ጉድለቱ እጅግ የሚብሰው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ብዙ ሰዎች ፏፏቴውን ለዓይን ደስታ በቀን አንቀሳቅሰው ማታ ያጠፉታል፤ የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው።

ሁለተኛው ነገር ጨው ነው። ውኃው ሲተን ጨው አይተንምና፥ የጎደለውን እየሞሉ ብቻ መኖር ኩሬውን ቀስ በቀስ ያከረዋል። አልፎ አልፎ ከፊሉን ቀድቶ ለተምር ማጠጣት ይሻላል፤ ተምር ጨውን ይታገሣልና። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ሲጨመርም ጥቂት በጥቂት ይሁን።

የሚመረጠው ዓሣ የዓረብ ኪሊፊሽ ነው። ከጣት የማይበልጥ፥ ሙቀትን የሚችል፥ ጨው ከሌለው ውኃ ጀምሮ ከባሕር ይልቅ ጨዋማ በሆነው የሚኖር፥ የትንኝንም እጭ የሚበላ ነው። በአሰብ ወደብ የቅርብ ዘመዱ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ተጨምሮ እጩን እንደ ቀነሰ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ይገልጻል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካናል። የተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ከወባ ነፃ መሆናቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አረጋግጧል። ነገር ግን አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው፥ በእስያና በዓረብ ምድር የቆየችው ትንኝ፥ በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 በኢትዮጵያ ተገኘች፤ በ2022ም በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። እርስዋ የምትራባው በበርሜልና በገንዳ ጭምር ነውና፥ ዓሣ የሌለበት የቆመ ውኃ፥ እዚያም ሆነ እዚህ፥ ጌጥ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ስለ አዕዋፍ ጥቂት ቃል እንጨምር። በዱባይ ራስ አል ኾር ፍላሚንጎዎች ይሰፍራሉ፤ ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ የነበረው የሻርጃው ዋሲጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የውኃ አዕዋፍ ማዕከል ሆኖ ተከፍቷል፤ በአጅማንም አል ዞራህ የማንግሮቭ ደን አለ። በነዚህ መካከል የሚበርረው መንገደኛ ወፍ የግቢ ኩሬንም ይጎበኛል፤ ነገር ግን ዳሩ ቀጥ ያለ ግንብ ከሆነ መጠጣት ያቅተዋልና፥ አንዱ ጠርዝ እንደ ወንዝ ዳር እያዘነበለ በጠጠር ይነጠፍ። ባዕድ ዓሣ ቢበዛ ወደ ተራራ ምንጮች መልቀቅ የአገሩን ዓሣ ማጥፋት ነው።

በግቢው ፀረ ተባይ በሚረጭበት ቀንም ኩሬው ይሸፈን፤ ለበረሮ ከሚረጩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በጥቂት ጠብታ ዓሣን ይፈጃሉ።