የገጠሩ ጭስና የከተማው ጭስ

ባለፈው ሳምንት የማታው ትምህርት ሲያልቅ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ አገር ሲያድግ ከተማው ይሰፋል፣ ፋብሪካው ይበዛል አላችሁን። ጭሱንስ ማን ይችለዋል?» አሉን። ጥያቄው ትልቅ ነው። ዛሬ በአንድ ከተማ ታሪክ እንመልሰዋለን። ከተማዋ በሕንድ አገር ያለችው ዴልሂ ናት። ዓመታቱን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በ1943 ዓ.ም. የዴልሂ ሕዝብ 1 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ ያህል ነበር። በ2003 ዓ.ም. 17 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ሥራ ፈላጊው ከየገጠሩ ጎረፈ። ፋብሪካ ተተከለ። ጡብ መተኮሻው ተበራከተ። መኪና መንገዱን ሞላው። ብዙ ሰው እንጀራ አገኘ። እድገቱ እውነት ነው። ጭሱም እውነት ነው።

ገጠሩም ተለወጠ። ከዴልሂ በስተሰሜን ምዕራብ ፑንጃብ የሚባል ሰፊ የእርሻ አገር አለ። ገበሬው ሩዝና ስንዴ እያፈራረቀ ያመርታል። ድሮ በማጭድ ያጭድ ነበር። ዛሬ ኮምባይነር ያጭድለታል። ኮምባይነሩ ግን እህሉን ወስዶ ገለባውን ማሳው ላይ ጥሎ ይሄዳል። የእኛ የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ፣ ለጭቃ ማቡኪያ ይሆናል። የሩዙን ገለባ ግን ሻካራ ስለሆነ ከብት አይወደውም።

ሌላም ችግር አለ። የከርሰ ምድር ውሃ እንዳያልቅ ተብሎ በ2001 ዓ.ም. ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ሩዝ ዘግይቶ ይተከላል። ስለዚህ ዘግይቶ ይሰበሰባል። ስንዴ ለመዝራት የሚቀረው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ገበሬው ምን ያድርግ? ክብሪት ይጭራል።

ጭሱን ነፋስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ዴልሂ ያደርሰዋል። እዚያም ከመኪናውና ከፋብሪካው ጭስ ጋር ይገናኛል።

በብርድ ማለዳ የጎጆአችሁን ጭስ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። መሬት የነካው አየር ሲቀዘቅዝ፣ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል። ዴልሂም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

በ2009 ዓ.ም. በጥቅምት ማለቂያ ጭሱ ስለከፋ የዴልሂ ትምህርት ቤቶች ለሦስት ቀን ተዘጉ። በጭሱ ውስጥ ያለው ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ቦታ ቢከፈል አንዱን ያህል ነው። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ደም ውስጥ ይገባል። ሕፃኑን በሳል፣ ሽማግሌውን በልብ ሕመም ይጥላል። የገበሬውም ልጅ ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል።

ታዲያ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ ነው? አይደለም። የገለባው ጭስ በጥቂት ሳምንታት ያልፋል። የመኪናው፣ የፋብሪካውና የመንገዱ አቧራ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ።

መላ አልጠፋም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ 1995 ዓ.ም. የዴልሂ አውቶቡሶች ናፍጣ ትተው በተፈጥሮ ጋዝ መሄድ ጀመሩ። ጭሱም ለጊዜው ቀለለ። ኋላ ግን የመኪናው ብዛት የተገኘውን ጥቅም መልሶ በላው። ለገለባውም ሳያቃጥሉት በመካከሉ ስንዴ የሚዘራ መሣሪያ ተሠርቷል። ዋጋው ለትንሽ ገበሬ ይከብዳል። ስለዚህ መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን ይችላል፤ በማኅበር ገዝተው በየተራ የሚጠቀሙበትም አሉ።

አባታችን፣ መልሳችን ይህ ነው። እድገት የግድ ጭስ አይደለም። ጭሱን አስቀድሞ ያላሰበበት ከተማ ግን ኋላ በሳንባው ይከፍላል። ጎረቤቱ ገጠርም አብሮ ይከፍላል።

እስቲ ተወያዩበት፦ የወረዳችን ከተማ ከአሥር ዓመት በፊት ምን ያህል ነበረች? ዛሬ ጭሷ ከየት ከየት ይነሣል? ነፋሱስ ወዴት ይወስደዋል?