በ15 ደቂቃ የሚፈተን ምርምር

የብሪታንያው የማቴሪያሎች፣ የማዕድናትና የማዕድን ሥራ ኢንስቲትዩት ከሚያዘጋጃቸው መድረኮች አንዱ የወጣቶች ዓለም አቀፍ የሌክቸር ውድድር ነው። ተወዳዳሪው ምርምሩን የሚያቀርበው በ15 ደቂቃ ነው። ዳኞችም ከይዘቱ ባሻገር አቀራረቡን ይመዝናሉ።

ለመሆኑ አንድን ረቂቅ ሐሳብ በዚህ አጭር ጊዜ እንዴት ማስረዳት ይቻላል? መስታወት በቀላሉ የሚሰበረው ለምን እንደሆነ በምሳሌነት እንውሰድ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመው ጥናቱ፣ ምክንያቱ በመስታወቱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች መሆናቸውን አስረዳ። መስታወቱ ሲሳብ ውጥረቱ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይበረታል፤ ስንጥቁም እየረዘመ ሄዶ መስታወቱን ይሰብረዋል።

ይህን ለአድማጭ ለማሳየት አንድ የብስኩት ላስቲክ ይበቃል። ጠርዙ ደህና ከሆነ ለመቅደድ ያስቸግራል፤ ትንሽ ሰንጠቅ ካደረግነው ግን ያለ ብዙ ኃይል ይቀደዳል። ቀመሩ የሚናገረውን እጃችን አረጋገጠልን ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ችሎታ ለሽልማት ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ስለሚፈጠር ስንጥቅ የሚያጠና ወጣት ግኝቱን ለጥገና ባለሙያው ማስረዳት ካልቻለ፣ ዕውቀቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ አደጋን ሊከላከል አይችልም።